ከፋውንዴሽን ግራንት ለመጠየቅ፦ ለአገር በቀል ድርጅቶች ዝርዝር መመሪያ

ከጥር 2017 ወዲህ በአዲስ አበባ አገር በቀል ድርጅቶች ቢሮ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። የዩኤስኤአይዲ (የአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት) ገንዘብ ቆመ፤ አሁን ወደ ማን እንሂድ? ብዙዎች ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ፣ ፍለጋ ዓይናቸውን ወደ ግል የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽኖች አዙረዋል። ጥሩ አማራጭ ነው። ግን መንገዱ የተለየ ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ የሥራ መስኩ ይጠብባል፣ ግንኙነቱ ደግሞ የቅርብ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለትንንሾቹ ነው። ሦስት አራት ሠራተኛ ይዘው፣ ልደታ ወይም አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከስማቸው የሚበልጥ ሥራ ለሚሠሩ። የእነዚህ ድርጅቶች ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሐሳቡ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ነው። ሰርተፍኬቱ አንድ ስም ይዟል፣ ባንኩ ሌላ። በጀቱ ፕሮፖዛሉ ውስጥ የሌለ ሥራ ይዘረዝራል። ናይሮቢ ወይም ቶሮንቶ የተቀመጠው ገምጋሚ ደግሞ የሚያውቃችሁ በወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ አንድ ነገር ያዙ፤ ወረቀቶቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ።

1. ጥሪ ከመምጣቱ በፊት ፋይሉን አዘጋጁ

ጥሪ የምለው ለጋሹ «አመልክቱ» ብሎ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ነው። መጀመሪያ የሕጉን ጉዳይ እንጨርስ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ከአገር ውስጥም ከውጭም ካለ ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ ማሰባሰብ ይችላል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳዮች የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ማምጣት የሚችለው የገቢውን 10 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ገደብ ቀርቷል። የድሮውን ሕግ ብቻ የሚያስታውስ ለጋሽ ቢያጋጥማችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር የምታስረዱበት መልስ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ከዚያ አንድ ፎልደር ክፈቱ። የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የኦዲት ሪፖርት፣ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያስገባችሁት ዓመታዊ ሪፖርት፣ ቲን ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ፣ የፋይናንስና የግዥ መመሪያ እዚያ ይግቡ። ከሕፃናት ጋር የምትሠሩ ከሆነ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲም ያስፈልጋል። በአማርኛ ብቻ ያለውን አስተርጉሙ። ጥሪ ከወጣ በኋላ ትርጉም ቤት ለትርጉም ቤት መሯሯጥ ፕሮፖዛሉ ላይ የምታውሉትን ጊዜ ይበላል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ይህን ነው።

የድርጅታችሁ ስም በላቲን ፊደል እንዴት ነው የሚጻፈው? «ብርሃን» የሚለውን አንዱ በአንድ ኤች፣ ሌላው በሁለት፣ ሌላው ያለ ምንም ኤች ይጽፈዋል። ሰርተፍኬቱ፣ ማኅተሙ፣ የባንክ ሒሳቡና የኦዲት ሪፖርቱ አንድ ዓይነት ፊደል ካልያዙ ገንዘብ ሲላክ ባንክ ላይ ሊቆም፣ አልፎም ሊመለስ ይችላል። አራቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። የውጭ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። ለጋሾች የቦርድ አባላትን ስም ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር ያመሳክራሉ፤ የእኛ አገር ስም ደግሞ ይመሳሰላል። ስለዚህ ሦስቱንም ስም፣ ፓስፖርት ላይ ባለው አጻጻፍ፣ ከትውልድ ቀን ጋር አንድ ጊዜ በሰንጠረዥ አስቀምጡና ሁልጊዜ ከዚያ ገልብጡ።

ዘመን አቆጣጠር ሌላው ነው። የኦዲት ሪፖርታችሁ «ሰኔ 30 ቀን 2017 ለተጠናቀቀው በጀት ዓመት» ቢል የውጭ አንባቢ ከዓመታት በፊት የተሠራ ይመስለዋል። ኦዲተራችሁ በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ጁላይ 7 ቀን 2025 ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ። የፕሮጀክት የጊዜ ሰሌዳም በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን።

ስለ አድራሻም ላንሳ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ድርጅቶች አሉ። ቢሮ ከቀየራችሁ አዲሱን አድራሻ ለባለሥልጣኑ አሳውቁ፤ ለባንኩም፣ ለግብር ቢሮውም። ተጠቃሚዎቻችሁም ተነሥተው ሊሆን ይችላል። ካዛንቺስ የነበረች እናት ዛሬ ገላን ጉራ ከሆነች የዛሬ ሁለት ዓመት የሠራችሁት ጥናት አሁን ያለውን አያሳይም። እንደገና ቁጠሩ።

2. ለሃምሳ ከመላክ ለአምስት መርምሮ መላክ

አንድ ፕሮፖዛል አባዝቶ ላገኙት ሁሉ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። ፋውንዴሽን ሁሉ የራሱ ዓላማ፣ የሚሠራባቸው አገሮችና የሚሰጠው የገንዘብ መጠን አለው። ከዚያ ውጭ የሆነ ማመልከቻ ጥሩም ቢሆን አይታይም።

ትልልቆቹን ስማቸው ስለሚታወቅ ብቻ አታሳዱ። ጌትስ ፋውንዴሽን አዲስ አበባ ቢሮ አለው፤ ግን አብዛኛውን ግራንት የሚሰጠው ራሱ ለጋበዛቸው ድርጅቶች ነው። ማስተርካርድ ፋውንዴሽንም እዚሁ ቢሮ አለው፤ ትኩረቱ የወጣቶች ሥራ ነው። ትንሽ ድርጅት እዚያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የአንድ ትልቅ ድርጅት ንዑስ አጋር ሆኖ ነው። ይህ የሚናቅ መንገድ አይደለም። ከትልቁ ድርጅት ጋር አንድ ዓመት የሠራ የፋይናንስ ኃላፊ በሥልጠና የማይገኝ ልምድ ይይዛል።

አሁን አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለአገራቸው ግብር መሥሪያ ቤት «ፎርም 990 ፒኤፍ» የሚባል ሰነድ ያስገባሉ። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት «ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር» ብሎ በከፈተው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ከኋላው ገጾች ላይ በዚያ ዓመት ለማን፣ ስንት፣ ለምን እንደሰጡ ተዘርዝሯል። ሦስት ነገር ፈልጉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሰጡት አለ? ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት መጠን ስንት ነው? ተቀባዮቹ እንደ እናንተ ዓይነት ናቸው ወይስ ዩኒቨርሲቲዎች? 20 ሺህ ዶላር የሚሰጥን ፋውንዴሽን 200 ሺህ መጠየቅ ቤት ሥራችሁን እንዳልሠራችሁ ያሳያል። ድረ ገጹ ላይ የሚጻፈው ምኞታቸው ነው፤ ይህ ሰነድ የሚያሳየው ግን የሠሩትን ነው። እኔ ሁልጊዜ ከሰነዱ እጀምራለሁ።

ከዚህ በፊት የውጭ ገንዘብ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ከትንሹ ጀምሩ። የካናዳ፣ የጃፓንና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎች ለአካባቢ ድርጅቶች የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ አለ። እነሱ ፋውንዴሽን አይደሉም፤ ግን በአግባቡ ተሠርቶ የተዘጋ አንድ ትንሽ ግራንት ለሚቀጥለው ማመልከቻ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው።

3. አጭሯ ኢሜይል

የፋውንዴሽኑ ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ለፕሮግራም ኃላፊው ጻፉ። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ ለማን እንደምትሠሩ፣ ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ ለምን እነሱን እንደመረጣችሁ። «ማንኛውንም ዓይነት ድጋፍ ብታደርጉልን» የሚለውን ተዉት። ለማኝ አይደላችሁም። እነሱ የቆሙለትን ዓላማ መሬት ላይ የምታወርዱት እናንተ ናችሁ።

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ተዉ።

4. ችግሩን እንደምታውቁት ጻፉት

እንግዲህ ኮንሴፕት ኖት፣ ማለትም የሐሳባችሁን አጭር መግለጫ፣ ተጠየቃችሁ እንበል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ገጽ ነው። ሙሉ ፕሮፖዛል የሚጠየቀው እሱ ካለፈ ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መንገድ ላይ ለሚሸጡ እናቶች የሕፃናት ማቆያ መክፈት የሚፈልግ ድርጅት አለ እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦

«በአዲስ አበባ ድህነት ከፍተኛ ችግር ሲሆን ሴቶችና ሕፃናት ግንባር ቀደም ተጎጂዎች ናቸው። ድርጅታችን ይህን ችግር ለመቅረፍ ከፍተኛ ርብርብ እያደረገ ይገኛል።»

ይህ ስለ የትኛውም ከተማ ሊጻፍ ይችላል። አሁን ይህን እዩት፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፦

«በአደባባዩ ዙሪያ ቆሎ፣ ሎሚና ካልሲ ከሚሸጡ እናቶች 62ቱን በመጋቢት ወር አነጋግረናል። 41ዱ ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይዘው ይውላሉ። ልጁ በካርቶን ላይ ይተኛል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ እናት ዕቃዋን በአንድ እጇ፣ ልጇን በሌላው ይዛ ትሮጣለች። 33ቱ የሚያምኑት ማቆያ ቢኖር በቀን ተጨማሪ ሦስት ሰዓት እንደሚሠሩ ነግረውናል።»

ሁለተኛውን የሚጽፈው እዚያ የቆመ ሰው ብቻ ነው። የእናንተ ብልጫም ይኸው ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች አማካሪ ቀጥረው በሚያምር እንግሊዝኛ ሊጽፉ ይችላሉ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ማን በየት በኩል እንደሚሮጥ ግን አያውቁም። እንግሊዝኛችሁ ቀላል ቢሆን ግድ የለም። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት፤ ከእናቶቹ ጋር የምትውለው ሠራተኛ ታንብበው፤ «እንዲህ አይደለም» ያለችውን አርሙ፤ ከዚያ ይተርጎም።

ቀጥሎ ዓላማ ይመጣል። እዚህ ላይ ተግባርንና ለውጥን አታደባልቁ። «ሥልጠና መስጠት» ተግባር ነው። ለጋሹ የሚጠይቀው ከሥልጠናው በኋላ ምን ተለወጠ የሚለውን ነው። ለምሳሌያችን፦ «በ12ኛው ወር 40 ሕፃናት በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን ማቆያው ይውላሉ፤ ከእናቶቻቸው ቢያንስ 30ዎቹ በቀን የሚሠሩበት ሰዓት ከመጀመሪያው ቆጠራ በ2 ሰዓት ይጨምራል።» በምን ታውቁታላችሁ? በስም መጥሪያ መዝገብና በየሦስት ወሩ በሚደረግ አጭር ቃለ መጠይቅ። ሎግፍሬም የሚባለው ሰንጠረዥ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ምን እንሠራለን፣ ምን ይለወጣል፣ በምን ይታወቃል፣ ምን ሊያደናቅፈን ይችላል።

ማደናቀፊያውን አትደብቁ። አካባቢው ለልማት ሊነሣ ይችላል ወይ? ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን ራሱ አንሥቶ የመለሰ ድርጅት ይታመናል።

5. በጀት

ልምድ ያለው ገምጋሚ ፕሮፖዛሉን ሳይጨርስ በጀቱን ይከፍታል። ምክንያቱም በጀት ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ ያለ ቅጽል ይናገራል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ ይጣጣሙ። ጽሑፉ 40 ሕፃናት ካለ፣ ፍራሹም 40፣ ሳህኑም 40 ይሁን። በጀቱ ላይ 60 ሳህን ካለ 20ው የማን ነው? ምክንያት ካላችሁ አጠገቡ ጻፉት።

ሁለተኛ፣ የሰው ወጪ ሙሉ ይሁን። ለምሳሌ 3 ሞግዚቶች በወር 8,000 ብር ቢከፈላቸው የ12 ወሩ ደመወዝ 288,000 ብር ነው። ግን በዚህ አያበቃም። አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ አለ፤ 31,680 ብር። ድምሩ 319,680 ነው። ይህን መርሳት በጣም የተለመደ ነው። ረስታችሁ ከጸደቀ ልዩነቱን ከየት ታመጣላችሁ? ከሞግዚቶቹ ምሳ?

ዕቃ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሩ። ዋጋውን ከገበያ በሰማችሁት አታስገቡ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡና ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ፋውንዴሽኑ ባይጠይቅ እንኳ ኦዲተሩ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ የአስተዳደር ወጪ። ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው። የእኛ ሕግ የድርጅቱ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ኢንተርኔት እዚያ ውስጥ ይገባሉ። የሞግዚቷ ደመወዝ ግን የፕሮጀክት ወጪ ነው። ፋውንዴሽኑ ደግሞ የራሱ ጣሪያ አለው፤ 10 ሊሆን ይችላል፣ 15 ሊሆን ይችላል። አቆጣጠሩም ከእኛ ሕግ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ለየብቻ አስሉና ሁለቱንም አክብሩ። ለጋሽ ለማስደሰት ብላችሁ የአስተዳደር ወጪን ዜሮ አታድርጉ። ኪራይና የሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት የለም፤ ዜሮ ያየ ገምጋሚ የሚያስበው አንድም ወጪውን ሌላ ቦታ ደብቃችኋል፣ አንድም ዓመቱን አትዘልቁም ብሎ ነው።

አራተኛ፣ ምንዛሪ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ ስምምነት የነበረው ድርጅት ሁሉ በጀቱን እንደገና መሥራት ነበረበት። ስለዚህ በበጀቱ ግርጌ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሪ ዋጋና የወሰዳችሁበትን ቀን ጻፉ። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ከሆነ በሁለተኛው ዓመት ደመወዝና ምግብ ላይ የዋጋ ንረት ጨምሩ። ዶላሩ ሲጨምር የሚተርፈው ብር በምን ፈቃድ ሥራ ላይ እንደሚውልም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

በመጨረሻ የራሳችሁን ድርሻ አሳዩ። ወረዳው የሰጠው ክፍል፣ የበጎ ፈቃደኛ ነርስ ሰዓት፣ የአካባቢው እድር ያዋሰው ወንበርና ድንኳን ዋጋ አላቸው። ገምቱና «የድርጅቱ አስተዋፅኦ» በሚል ዓምድ አስገቡ።

6. ማስገባት

ቀነ ገደቡን ወደ እኛ ሰዓት ቀይራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የብራስልስ 17፡00 በፈረንጆቹ ክረምት የእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ግን ምሽት 12 ሰዓት። አንድ ሰዓት ማመልከቻ ያስቀራል። መልሶችን መጀመሪያ በዎርድ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ፖርታሉ (ማመልከቻ የሚሞላበት ድረ ገጽ) ላይ በቀጥታ ስትጽፉ መብራት ከሄደ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። የደረሰኝ ቁጥሩን ፎቶ አንሡ።

7. ከዚያ ጥያቄ ይመጣል

ካለፋችሁ ፋውንዴሽኑ ድርጅቱን መመርመር ይጀምራል። መጠይቁ ረጅም ነው። አንዳንዱ ሰው «አላመኑንም» ብሎ ይቀየማል። ነገሩ የሕግ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽን በ1969 በወጣው የአገሩ የግብር ሕግ ምክንያት ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ድርጅቱ ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን በሰነድ ያረጋግጣል፣ ወይ የገንዘቡን አወጣጥ የመከታተል ኃላፊነት ይወስዳል። ሁለተኛው ሲሆን ቅድመ ምርመራ፣ የጽሑፍ ስምምነት፣ ገንዘቡ ተለይቶ መያዙ፣ ዝርዝር ሪፖርት ግዴታ ይሆናሉ። መተዳደሪያ ደንባችሁን የሚጠይቁት፣ ድርጅቱ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይሄዳል የሚሉት ለዚህ ነው።

ቦርዱ በየስንት ጊዜ እንደሚሰበሰብ ይጠየቃል፤ ቃለ ጉባኤዎቹ ተፈርመው ይቀመጡ። ሰብሳቢውና ሥራ አስኪያጁ ዘመዳሞች ከሆኑ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ቼክ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል ወይ? ሒሳብ የሚመዘግበውና ገንዘብ የሚይዘው ሰው የተለያየ ነው ወይ? ሠራተኛ ስላነሰ መለየት ካልቻላችሁ አንድ የቦርድ አባል በየወሩ የባንክ መግለጫውን አይቶ እንዲፈርም አድርጉ። ያንንም በግልጽ ንገሯቸው።

ሊጎበኙ ከመጡ ድግስ አታዘጋጁ። ልጆችን አሰልፎ ማዘመር ይቅር። በተለመደው ቀን፣ በተለመደው ሰዓት ይምጡ። የስም መጥሪያውን፣ የደረሰኝ ፋይሉን፣ ማድ ቤቱን ይዩ። ከእናቶቹ ጋር ሲነጋገሩ ሥራ አስኪያጁ ከአጠገባቸው ዞር ይበል።

8. ስትፈርሙ

ስምምነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ሪፖርት መቼ ነው? ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ገንዘብ ለማዛወር እስከ ስንት በመቶ ያለ ፈቃድ ይቻላል? ሁለተኛው ክፍያ የሚለቀቀው በምን ሁኔታ ነው? በከተማው ሥራ ለመጀመር ከሚመለከተው የአዲስ አበባ ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት መፈራረም የተለመደ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለዚህና ለቅጥር ተዉ እንጂ ከመጀመሪያው ሳምንት ልጆች እንቀበላለን ብላችሁ ቃል አትግቡ። ችግር ሲገጥማችሁ የሪፖርት ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። ኪራይ ጨምሮ ከሆነ፣ አስተባባሪዋ ለቃ ከሆነ፣ በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው።

9. አይሆንም ከተባላችሁ

አብዛኛው ማመልከቻ አይሆንም ይባላል። ጥሩዎቹም ጭምር። በአንድ ሳምንት ውስጥ አመስግናችሁ መልሱና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ የትኛው ክፍል ደካማ ነበር? በሚቀጥለው ዙር እንደገና ማመልከት እንችላለን? ሁሉም አይመልስም። የመለሰውን ቃል በቃል በፎልደሩ ውስጥ አስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ቆጠራውን አድሱ፣ ፕሮፎርማዎቹን በአዲስ ዋጋ ቀይሩ፣ የዓመቱን ኦዲት ጨምሩና ያንኑ ሐሳብ ተሻሽሎ ላኩት።